በፍልሰታ ስም ስነቅል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያውን ስም አጣምሜ ለጠፍኩት።

የምሠራው ባሕር ማዶ በምኖርበት ከተማ፣ ማርልቦሮ በሚባል ሰፈር ያለ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው። ከፊት ኳስ፣ ጫማና ማልያ ይሸጣል። ከመጋረጃው ጀርባ ማልያ ላይ ስምና ቁጥር የሚለጠፍበት ጠባብ ክፍል አለ። አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በፊት ስምንት ዓመት የሠራች ቴሲ የምትባል የፊሊፒንስ ሴት ማልያውን ፕሬሱ ላይ ዘረጋችልኝና ፊደሎቹን ሰጠችኝ። ፕሬስ የምንለው እንደ ትልቅ ካውያ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚዘጋ ማሽን ነው። መቶ ሃምሳ ዲግሪ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። ስከፍተው ስሙ ወደ ግራ ትከሻ ወጥቷል።

ቴሲ አየችውና «ተጫዋቹ አንገቱን አሞት ይሆናል» አለች።

ከዚያ አሠራሩን አሳየችኝ። ማልያው መጀመሪያ ለሁለት ይታጠፋል፤ የእጥፋቱ መስመር መሃሉን ያሳያል። ስሙ ከአንገቱ ስፌት አራት ጣት ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ከስሙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ላዩ ላይ መከላከያ ወረቀት ሳይደረግ ፕሬሱ አይዘጋም። ቀጥ አድርጌ ለመለጠፍ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ስም መለጠፍ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መንቀል ነው።

ለመንቀል ማልያው ይገለበጣል። ከውስጥ በኩል አምስት ሰከንድ ይሞቃል። ፊደሉ ሳይቀዘቅዝ ጠርዙን በወረንጦ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከተቀደደ ማስለቀቂያ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቅ። ቢላዋ አይነካውም። ሙጫው ሁሉ ከወጣ በኋላም የስሙ ጥላ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ በተለይ ጥቁርና ሰማያዊ ማልያ ላይ። ስለዚህ ደንበኛው ሌላ ስም ሲፈልግ ከበፊቱ የሚረዝም ስም እንዲመርጥ እንመክራለን። አጭር ስም ያለው ተጫዋች የወደደ ደንበኛ ይህን መስማት ደስ አይለውም። አንዱ «ታዲያ ስሙ ረጅም የሆነ ጥሩ አጥቂ ስጪኝ» ብሎኛል።

እኔ ስጀምር ነቀላ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነበር። አንድ ተጫዋች ከአውሮፓ ክለብ ወደ ሌላ የአውሮፓ ክለብ ይሄዳል፤ ያዘነ ሰው ማልያውን ይዞ ይመጣል። ኋላ ግን የበረሃዎቹ ሀብታም ሊጎች መጡ። ተጫዋቹ ትናንት አርማ ይስማል፣ «ይህ ክለብ ቤቴ ነው» ይላል። በሳምንቱ የሌላ አገር ሻርፕ ይዞ ፎቶ ይነሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ማልያ የያዘ ሰው እስከ በሩ ይሰለፋል።

የተጫዋቾቹን ስም አልጽፍም። እነሱ አያውቁኝም፤ እኔም ከስማቸው ፊደል በቀር አላውቃቸውም። ለምን ሄዱ ብዬም አልፈርድም። እኔ ራሴ የተሻለ እንጀራ ፍለጋ አገሬን ለቅቄ የመጣሁ ነኝ። የሚያናድደኝ የሚሄዱበት ጊዜ ነው። ክለቦች ተጫዋች የሚሻሻጡበት ጊዜ፣ የዝውውር መስኮት የሚሉት፣ የሚጋለው በኦገስት ነው። የፍልሰታ ጾም በኦገስት ሰባት ገብቶ በሃያ ሁለት ይፈታል። የእኔ ጾምና የእነሱ ገበያ አንድ ላይ ይውላሉ።

ይህ ለምን እንደሚከብደኝ ልንገራችሁ።

ልጄ ማህሌት አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ትርፍ አንጀቷ ፈነዳ። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነች። በሁለተኛው ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ «እመቤቴ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ የፍልሰታን አሥራ ስድስት ቀን አንድም ቅዳሴ ሳላጓድል እቆማለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልጄ በእግሯ ሄዳ ወጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት።

በመጀመሪያው ዓመት ከአለቃዬ አሥራ ስድስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። አለቃዬ ሚስተር ጊል ይባላል፤ የሱቁ ባለቤት ነው፤ በየጠዋቱ ከከተማው ውጭ ካለችው ኮክረን እየነዳ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱቁን ግን ይወዳል። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰባት ቁጥር ለባሽ ተጫዋች ወደ ሀብታሞቹ ሊግ ሄደ። ሚስተር ጊል ደውሎ «ሁለት ቀን ብቻ ነይልኝ» አለ። ሁለቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ዘጠኝ ቁጥር ሄደ። ያኔም ተጠራሁ፤ ያኔም ሄድኩ። ሥራዬን እፈራ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ስለቱ ይጠብቅሻል፤ አንቺ ግን አታስጠብቂው» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ገና በረዶው ሳይቀልጥ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሱቁ ፈቃድ በስልክ የሚሞላበት አዲስ ነገር አምጥቶ ነበር። ስልኬን ለልጄ ሰጠኋት።

«ማሂ፣ ፈቃድ ሙዪልኝ። ከነሐሴ አንድ እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት።»

«ኦገስት ዋን ቱ ሲክስቲን። ደን፣ ማሚ።»

ማታውኑ ተፈቅዷል የሚል መልእክት መጣ። አመሰገንኩና ዳግመኛ አላየሁትም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በዓል በፈረንጅ ስንት ቀን እንደሚውል ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። የራሴን ግን አላየሁም።

በጁላይ መጨረሻ የኦገስት የሥራ ፕሮግራም ፕሬሱ አጠገብ ተለጠፈ። ከኦገስት አንድ ጀምሮ የለሁም። በአሥራ ሰባት ተመላሽ ነኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ነሐሴ አንድ የሚውለው በኦገስት ሰባት ነው። ኦገስት አሥራ ሰባት ነሐሴ አሥራ አንድ ነው። ስድስት ቅዳሴ ሊጎድልብኝ ነው።

ቤቴ ፔንብሩክ የሚባል ሰፈር ነው። እዚያ እስክደርስ አላስቻለኝም፤ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ደወልኩላት።

«ማሂ፣ ምን ብለሽ ነበር የሞላሽው?»

«ያልሽኝን ነዋ። ነሐሴ ኦገስት አይደል እንዴ?»

«ኦገስት ስድስት ቀን ቀድሞ ይገባል።»

«ማሚ፣ ሲርየስሊ፣ ላይክ፣ ማን ነው በሁለት ካላንደር የሚኖረው?»

«እናትሽ።»

«ሶሪ፣ ማሚ» አለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም አልኳት፤ ግን ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ ሚስተር ጊል ዘንድ ገባሁ።

«ራስሽ የጠየቅሽው ቀን ነው» አለ። «ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ደግሞ ቴሲ እህቷን ልትድር አገሯ ትሄዳለች። ትኬት ቆርጣለች። ፕሬሱን ማን ይይዛል?»

«ከአንድ እስከ ስድስት ልሥራና ኋላ ልውሰደው።»

«ከአንድ እስከ ስድስት ቴሲ አለች። እኔን የሚቸግረኝ ኋላ ነው።» ወደ ልብስ መስቀያው አመለከተኝ። «ደግሞ አትጨነቂ፤ ሥራ አይበዛብሽም። አሥር ቁጥራችን ተለጥፎ አልቋል።»

መስቀያው ላይ የአንድ አጥቂ ስም ያለባቸው ሰማንያ ማልያዎች ነበሩ። ውድድሩ ሲጀመር ደንበኛ እንዳይጠብቅ ብሎ በሰኔ ነበር ያስለጠፈን። ያኔ መስኮቱ እስኪዘጋ እንቆይ ብዬው ነበር።

«አርማውን ሲስም አላየሽም?» ነበር ያለኝ።

«አይቻለሁ። ሰባት ቁጥሩም ስሞ ነበር።»

እነዚያን ስድስት ቀናት ቤቴ ውስጥ እየተብሰለሰልኩ አሳለፍኳቸው። ያልፈለግሁትን ዕረፍት ማረፍ አድካሚ ነው።

ጾሙ ገባ። ቅዳሴው በሥራ ቀን ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ በማለዳ ነው። አምስት ቀን ቆምኩ። በስድስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎልኛል። ሁሉም ሚስተር ጊል ነው። መልሼ ሳልደውል ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው። የሱቃችን ደንበኛ ናቸው፤ በየዓመቱ ስም ያስነቅላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማሽ? ያ ከዳተኛ ሄደ።»

«የቱ፣ ጋሼ?»

«አሥር ቁጥራችን ነዋ። በረሃ ገባ።»

«መቼ ሰሙ? አሁን ከቅዳሴ መውጣታችን አይደል?»

«ስልኬ ንዝረት ላይ ነበር» አሉ፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው። «ይልቅ ነገ ማልያዬን ላምጣልሽ።»

«ፈቃድ ላይ ነኝ። ነገ ቅዳሴ አለ።»

«እኔም አለብኝ። ቅዳሴው እኩለ ቀን ነው፤ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?»

ተሰናብቻቸው ሄድኩ። በጾም ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ስለ አሥር ቁጥር መነጋገር አላሰኘኝም። አውቶቡስ ላይ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ጠዋት ምን እሠራለሁ? የተሳልኩት አሥራ ስድስት ቅዳሴ ነው። ከሥራ እቀራለሁ ብዬ አልተሳልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአለቃዬ «አሥራ ስድስት ቀን ስጠኝ» አልኩት እንጂ፣ የትኛውን ሰዓት እንደምፈልግ አንድ ቀን አልነገርኩትም። ሁሉን ጠየቅሁ፤ ሲቸግረው ሁሉን ወሰደብኝ።

ያን ቀን ማታ ደወልኩለት።

«ሰማንያ ማልያ» አለ፣ ሰላም ሳይለኝ። «ሰማንያ። ቴሲ እስክትሄድ የተወሰነ ትነቅላለች። ሌላውን ማን ሊነቅል ነው?»

«እስከ እሑድ ፈቃዴ ነው፤ አልመጣም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። በአምስት ሰዓት እወጣለሁ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ማንም ቢመጣ የለሁም። ቅዳሜ ደግሞ በዓል ነው፤ ጭራሽ አልመጣም።»

«ሱቁ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው።»

«ቁልፍ ስጠኝ።»

ለቴሲ እንኳ ቁልፍ ሰጥቶ አያውቅም።

«ከአምስት ሰዓት በኋላ ምን አለ?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ተሳልኩት። ልጄ እንደታመመች ያውቅ ነበር፤ ሌላውን አያውቅም።

«ይህን በፊት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም።»

«አንቺም አልተናገርሽም።»

እውነቱን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ልጄን አያትና «ደህና ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ» አለችው። ቁልፉን በእጄ ሰጥቶኝ ሄደ።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ገባሁ። ቴሲ አሥራ ስምንቱን ነቅላ ሄዳለች። ስልሳ ሁለት ቀርቷል። የሰውየው ስም ዘጠኝ ፊደል ነው። ውሃ ሳይቀመስ፣ መቶ ሃምሳ ዲግሪ ፊት ቆሞ፣ የማስለቀቂያውን ሽታ እየሳቡ ዘጠኝ ፊደል ስልሳ ሁለት ጊዜ መንቀል ምን እንደሆነ ያንን ውል የፈረሙት ሰዎች አያውቁትም። የቀኑን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እየደገምኩ ነቀልኩ። ሲያዞረኝ የኋላውን በር ከፍቼ ደጅ እቆም ነበር። በአምስት ሰዓት መጋረጃውን ዘግቼ ወጣሁ፤ ቅዳሴው ሳይጀመር ደረስኩ።

ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሚስተር ጊል ነው።

«መንገዱ ባዶ ነበር» አለ። ከኮክረን በዚያ ሰዓት ለምን እንደመጣ ግን አልተናገረም። ጃኬቱን ሰቀለና «አሳዪኝ» አለኝ።

ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ አንድ ማልያ ነቅሎ አያውቅም። የመጀመሪያውን አቃጠለው። ወረቀቱን ረስቶ ነበር፤ ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ምልክት ወጣበት። ሁለተኛው ላይ ሦስት ፊደል ቀደደ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሙሉ ስም አወጣና ወረንጦውን አስቀምጦ ጀርባውን ያዘ።

«በየዓመቱ ይህን ነው የምትሠሩት?»

«በየዓመቱ።»

ወረንጦውን መልሶ አነሳ። እስክወጣ ሰባት ነቀለ።

ሐሙስ ልወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ አንድ ሰው አራት ማልያ ተሸክሞ ገባ። የሁሉም ጀርባ ላይ ያው ዘጠኝ ፊደል አለ። ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ ጭምር መሆኑ ነው።

«አሁኑኑ እፈልጋቸዋለሁ» አለ። «ቤቴ ውስጥ ይህን ስም ማየት አልፈልግም።»

«ነገ ጠዋት ይደርሳል» አለው ሚስተር ጊል።

«ሴትየዋ ቆማ የለ? የአንድ ደቂቃ ሥራ አይደለም?»

ሚስተር ጊል ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ። ሽርጤን ገና አልፈታሁም ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ሲያየኝ ነበር የምቀረው።

«ትሄዳለች» አለው። «እኔ ልነቅልልህ እችላለሁ፤ ግን ማክሰኞ ያቃጠልኩትን አይተህ ወስን።»

ሰውየው ነገ ይሁን አለ። እኔ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻውን ነቀልኩ። ቅዳሜ ነሐሴ አሥራ ስድስት ነበር። አሥራ ስድስተኛውን ቅዳሴ ቆምኩ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመች። ስለቴን አደረስኩ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ሰኞ ሥራ ስገባ ሚስተር ጊል በሩ ላይ ቆሟል።

«ቀረ» አለኝ።

«ማን?»

«አሥር ቁጥር። ስምምነቱ ፈርሷል። አይሄድም። ደንበኞች ስሙን መልሱልን እያሉ ነው።»

ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ባዶዎቹን ማልያዎች አየን።

«አሁን አንለጥፍም» አለ በመጨረሻ። «ብለሽኝ ነበር። የአውሮፓ መስኮት እስኪዘጋ እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። መስኮቱ ተዘጋ። አሥር ቁጥሩ ክለቡ ውስጥ አለ፤ አርማውንም ደግሞ ሳመ። በማግስቱ ከሰማንያው አርባውን መልሰን ለጠፍን። ስሙን የድሮው ጥላ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነበር፤ መለካት እንኳ አላስፈለገም። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሄደ። የተዘጋው የአውሮፓ መስኮት ነው፤ የሀብታሞቹ ሊግ መስኮት ገና ክፍት ነበር። እኔም ሚስተር ጊልም ያን አልጠየቅንም።

ጋሽ ታደሰ በዚያው ቀን ማልያቸውን ይዘው መጡ። ስሙን የነቀልኩላቸው እኔ፣ መልሼ የለጠፍኩላቸውም እኔ ነኝ።

«ንቀይልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ እስከ መስቀል ይታገሡ።»

«ለምን?»

«ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።»

ሳቁ፤ ማልያውን ግን አስቀምጠውት ሄዱ።

አሁን ሱቃችን ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ስም ቀድሞ አይለጥፍም። ደንበኛ ሲያዝ ብቻ፣ እያንዳንዱ ሊግ መስኮቱን መቼ እንደሚዘጋ አይተን፣ ሊሄድ እንደሚችልም ነግረነው እንለጥፋለን። የሚቆጡ አሉ፤ ይቆጡ። እኔም ፈቃድ ራሴ እሞላለሁ። በየዓመቱ በፍልሰታ ከአምስት ሰዓት በኋላ የለሁም፤ ጠዋት ግን አለሁ። ሚስተር ጊል ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ስም የሚለጠፈው የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ደግሞ የሚያስፈልገውን ሰዓትና ምክንያቱን ተናግሮ ነው። ሁለት ፍልሰታ ያመለጠኝ በተጫዋቾቹ ብቻ አልነበረም።